«ቤት» በምን ድምፅ ይጀምራል? የመነሻ ተነባቢን በአማርኛ ስለ ማስተማርና ስለ መመዘን

ባለፈው ዓመት ለተግባር ልምምድ የተመደቡ ተማሪዎቼን ለመከታተል በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት «ኦ» ክፍል ውስጥ ከኋላ ካለች ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። መምህርቷ የቤት ሥዕል ከፍ አድርገው አሳዩና «ቤት በምን ድምፅ ይጀምራል?» ሲሉ ጠየቁ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሕፃን ሳትዘገይ «በቤ!» አለች። መምህርቷ «በደንብ አዳምጪ» ብለው ጥያቄውን ደገሙላት። ልጅቷ በደንብ አዳመጠች፤ ከዚያም ድምፅዋን ከፍ፣ «ቤ»ን ረዘም አድርጋ ያንኑ መለሰች። ሦስተኛ ዕድል አልተሰጣትም። ከጎኗ ያለው ልጅ «ብ!» ብሎ ተጨበጨበለት፤ በክትትል ቅጹም ላይ በልጅቷ ስም ትይዩ የኤክስ ምልክት ተደረገ።

ይህን የምጽፈው መምህርቷን ለመውቀስ አይደለም። የተሰጣቸውን መምሪያ በትጋት ይፈጽሙ ነበር፤ ክፍላቸውም በዚያ ወር ካየኋቸው ክፍሎች ሁሉ ይበልጥ ሕይወት ነበረው። የሚያሳስበኝ ያቺ ምልክት ናት። ልጅቷ የተናገረችው በእርግጥ ስሕተት ነበርን? ስሕተት ካልሆነስ፣ በየክፍሉና በየጥናቱ ቅጽ ላይ እንዲህ ያለው ምልክት እየተደመረ የሚገኘው ውጤት ስለ ልጆቻችን ምን ይነግረናል? የመነሻ ተነባቢን መለየት አማርኛ ለሚማሩ ሕፃናት አያስፈልግም የሚል አቋም የለኝም፤ ያስፈልጋል። ሙግቴ ቅደም ተከተሉንና ምዘናውን የሚመለከት ነው፦ ፊደላችን ለብቻው የማይጽፈውን ድምፅ፣ ፊደሉ ከሚጽፈው አስቀድመን እየጠየቅን፣ ያልመለሰውን ልጅ አልቻለም እንላለን።

ጥያቄው ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ይጠቅማል። በእንግሊዝኛና በመሰሎቹ የጽሕፈት ሥርዐቶች አንድ ምልክት በመሠረቱ የቆመው ለአንድ ነጠላ ድምፅ (ፎኒም) ነው። ልጁ ያንን ድምፅ ከቃሉ ውስጥ ነጥሎ መስማት ካልቻለ ምልክቱ ለምን እንደ ቆመ አይገባውም። ነገር ግን ነጥሎ መስማት በተፈጥሮ የሚመጣ ችሎታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ኢዛቤል ሊበርማንና ባልደረቦቿ አሜሪካውያን ሕፃናት በቃል ውስጥ ያሉትን ድምፆች ጠረጴዛ እየመቱ እንዲቆጥሩ ባደረጉበት ጥናት፣ ከ4 ዓመት ልጆች ግማሽ ያህሉ የቃሉን ቀለሞች መቁጠር ሲችሉ ነጠላ ድምፆችን መቁጠር የቻለ አንድም አልተገኘም። (ቀለም ስል በሰዋስው ትምህርት እንደ ተለመደው «ሲላብል»ን ማለቴ ነው።) አንደኛ ክፍልን በሚያጠናቅቁት ዘንድ ግን ነጠላ ድምፆችን መቁጠር የቻሉት 70 ከመቶ ያህል ደርሰው ነበር። በመካከሉ የሆነው ትልቁ ነገር የፊደል ትምህርት ነው። ከ5 ዓመት በኋላ ሆዜ ሞራይስና ባልደረቦቹ በፖርቱጋል፣ ዕድሜያቸው የገፋ ነገር ግን ማንበብ ያልተማሩ ጎልማሶች ከቃል መነሻ ላይ አንድን ነጠላ ድምፅ መጨመርም ሆነ መቀነስ እጅግ እንደሚከብዳቸው፣ ዘግይተው ማንበብ የተማሩት ግን እንደሚችሉ አሳዩ። በ1986 ደግሞ በቻይና በተደረገ ጥናት፣ በቻይንኛው ጽሕፈት አቀላጥፈው የሚያነቡ ነገር ግን የላቲኑን ፊደል ያልተማሩ አዋቂዎች ተመሳሳይ ችግር ታየባቸው። እነዚህን ሦስት ጥናቶች አንድ ላይ ለሚያነብ ሰው ጆሮ ፊደልን እንደሚያስተምር ሁሉ ፊደልም ጆሮን እንደሚያስተምር ግልጽ ነው።

እንግዲህ የእኛ ፊደል ጆሮን ምን ያስተምራል? በፊደል ገበታችን ላይ ያለው እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢን ከነአናባቢው የሚይዝ ነው። የጽሕፈት ሥርዐቶችን የመደቡት ፒተር ዳንኤልስ እ.ኤ.አ. በ1990 ለዚህ ዓይነቱ ሥርዐት ስም ሲፈልጉ ያገኙት የእኛኑ «አቡጊዳ» ነበር፤ ዛሬ የሕንድ ፊደላት ጭምር በዓለም የሥነ ልሳን መጻሕፍት በዚህ ስም ይጠራሉ። ለሕፃኗ «ቤ» አንድ ምልክት፣ አንድ ስም፣ አንድ ትንፋሽ ነው። ደግሞም ልብ እንበል፦ «ቤት» በአፍ አንድ ቀለም ነው። ልጅቷ «ቤት» ብላ ሙሉውን አልመለሰችም፤ «ት»ን ቆርጣ ጥላለች። ይህ ራሱ የድምፅ ትንተና ነው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች እንዲህ ያለውን ቃል ሲከፍሉ መነሻውን ተነባቢ ከተቀረው ይለያሉ፤ «ብ» እና «ኤት» እንደ ማለት ነው። ኮሪያውያን ልጆች ግን «ቤ» እና «ት» በሚመስል አከፋፈል ላይ እንደሚያደሉ በ2002 የታተመ የንጽጽር ጥናት አመልክቷል። የአማርኛ ተናጋሪ ልጆችም ወደ ኮሪያውያኑ እንደሚያደሉ እገምታለሁ። ግምቴ ትክክል ከሆነ፣ በእንግሊዝኛ ቀላሉ መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው ልምምድ በአማርኛ ከባዱ ይሆናል ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው ችግር ግን ያለው በሳድሱ ላይ ነው። ሳድስ ፊደል ሁለት ሥራ አለው። በ«ቤት» መጨረሻ ላይ ያለው «ት» ተነባቢ ብቻ ነው፤ በ«ብር» መነሻ ላይ ያለው «ብ» ግን «እ» የምትመስለውን አጭር አናባቢ ይዟል። በጽሑፍ ሁለቱ አይለዩም፤ አንባቢው ከልማድ ይለያቸዋል። እንግዲህ ለሕፃን «ብር በምን ድምፅ ይጀምራል?» ብለን ብንጠይቅና «ብ» ብትለን፣ የነገረችን ነጠላውን ተነባቢ ነው ወይስ የመጀመሪያውን ፊደል ስም? ማወቅ አንችልም። «ቤት» ሲሆን «ቤ» ያለችው ያቺው ልጅ ለ«ብር» «ብ» ትላለች፤ በመጀመሪያው ኤክስ፣ በሁለተኛው ልክ ይደረግላታል፤ እሷ ግን ሁለቱንም ጊዜ የሠራችው አንድ ሥራ ነው። ስለዚህ ብር፣ ስም፣ ልጅ፣ ክር፣ ጥርስ በሚሉ ቃላት የተሞላ መመዘኛ ከፍተኛ ውጤት ያስገኛል፤ ቤት፣ ሰው፣ ላም፣ ኮፍያ፣ ጣት በሚሉት የተሞላው ደግሞ ዝቅተኛ። በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት የልጆቹን ችሎታ ሳይሆን የመመዘኛ አዘጋጁን የቃል ምርጫ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። በፈታኝነት ከተቀመጥኩባቸው የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፎች መካከል የቃላቱን ዝርዝር በመነሻ ፊደላቸው ደረጃ ለይቶ የተነተነ አላጋጠመኝም። ከእነዚህ ጽሑፎች አንዳንዶቹን ያማከርኩት እኔው ስለሆንኩ ነቀፌታው ራሴንም ይጨምራል።

ሌሎች እሾኾችም አሉ። «አበባ» በምን ተነባቢ ይጀምራል? የሥነ ድምፅ ባለሙያ ከጉሮሮ ስለሚዘጋው ድምፅ ሊያስረዳን ይችላል፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ግን «አ» ከመባል ያለፈ መልስ መጠበቅ ግፍ ነው። የልጆች ሁሉ ወዳጅ የሆነው «ኳስ»ስ? «ክ» የሚል ልጅ፣ «ኩ» የሚል ልጅና «ኳ» የሚል ልጅ ሦስቱም የሚከራከሩበት ማስረጃ አላቸው። «ሠርግ» በየትኛው ፊደል ይጀምራል ተብሎ በእሳቱ «ሰ» የመለሰ ልጅ በጆሮው አልተሳሳተም፤ ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ የሚለየው ዓይን እንጂ ጆሮ አይደለም። ከሁሉ የሚያስገርመኝ የገበታው የመጀመሪያ ረድፍ ነው። ግእዙና ራብዑ በድምፅ አንድ የሆኑበት «ሀ» ሥርዐቱን ለማሳየት ከሚመቹት ረድፎች የመጨረሻው ሊሆን ሲገባ፣ ልጁ ፊደልን የሚተዋወቀው በእሱ ነው። ትውፊት ነውና ገበታውን እንለውጥ አልልም፤ የድምፅ ልምምድን ከ«ሀ» መጀመር ግን ግዴታ አይደለም።

ይህ የክፍል ውስጥ ዝርዝር ብቻ ሆኖ ቢቀር ጉዳዩን ወደዚህ መጽሔት ባላመጣሁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተካሄደው የጀማሪ ንባብ ምዘና (በብዙዎቻችን አጠራር «ኢግራ») ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ ተገለጠ። ድንጋጤው ተገቢ ነበር፤ ከድንጋጤው የተወለደው ሥራም እንዲሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የንባብ ማሻሻያ ፕሮግራም በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች፦ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ መማሪያ መጻሕፍትና የመምህር መምሪያዎች ተዘጋጁ። መጽሐፍ ያልነበረው ክፍል መጽሐፍ አገኘ፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ሆኖም ከሰባቱ ቋንቋዎች አምስቱ በላቲን፣ ሁለቱ ብቻ በግእዝ ፊደል የሚጻፉ ናቸው። ለአምስቱ የሚስማማው አካሄድ ለሁለቱም ይስማማል ወይ የሚለው ጥያቄ በተመራማሪዎች ዘንድ ሊነሣ የሚገባው ያኔ ነበር፤ በሚገባው ጉልበት ተነሥቷል ብዬ አላምንም።

ጥያቄው መልስ የማይገኝለት አይደለም። ቅርብ ካለው ብንጀምር፣ ዮናስ አስፍሃና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት የኤርትራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎችን በአራት ቋንቋዎች አነጻጽረዋል። ትግርኛና ትግረ በግእዝ ፊደል፣ ሳሆና ኩናማ በላቲን ይጻፋሉ፤ የሳሆ ልጆች ግን የላቲኑን ፊደል ተነባቢውን ከአናባቢው እያጣመሩ በቀለም ሲማሩ፣ የኩናማ ልጆች ፊደልን በነጠላ ድምፅ ይማራሉ። የምልክቶቹ ብዛት ቢከብድም በግእዝ ፊደል የተማሩት የተሻለ ውጤት አስመዘገቡ፤ ከሁለቱ የላቲን ቡድኖችም በቀለም የተማረው የሳሆው በልጦ ተገኘ። በእንዲህ ያለ ንጽጽር ውስጥ የአካባቢና የትምህርት ቤት ልዩነት እንደሚገባ አውቃለሁ፤ አንድ ጥናትም የመጨረሻ ቃል አይሆንም። ነገር ግን አቅጣጫው «ከትንሹ አሃድ ጀምር» ከሚለው መመሪያ ጋር አይጣጣምም። በሕንድ ደግሞ ሶናሊ ናግ በ2007 እ.ኤ.አ. የካናዳ ቋንቋን ፊደል በሚማሩ ልጆች ላይ ባቀረበችው ጥናት፣ የነጠላ ድምፅ ግንዛቤ የሚዳብረው ቀስ ብሎ፣ ከፊደሉ ዕውቀት ጋር አብሮ መሆኑን አሳይታለች። (ይህ ካናዳ የደቡብ ሕንድ ቋንቋ እንጂ ሰሜን አሜሪካ ያለው አገር አይደለም፤ በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ይህ መምታታት አጋጥሞኛል።) የጃፓን ልጆች የነጠላ ድምፅ ግንዛቤ በአንደኛ ክፍል ከአሜሪካውያኑ ወደ ኋላ ቀርቶ ሳለ አራተኛ ክፍል ሲደርሱ ብዙዎቹ እንደሚችሉት በቨርጂኒያ ማን የ1986 ጥናት ታይቷል፤ ያውም የላቲኑን ፊደል ሳይጠብቁ። መዘግየት አለመቻል አይደለም ማለት ነው፤ በስድስት ዓመት ልጅ ስም ላይ የሚደረግ ኤክስ ግን ሁለቱን አይለይም።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፦ «እንግዲያውስ ተነባቢውን ትተን ፊደሉን እንደ ድሮው እናስቆጥር?» አይደለም። ገበታው 33 ረድፍ በ7 ዓምድ፣ 231 ምልክት አለው፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። እያንዳንዱን እንደ ተለየ ሥዕል የሚያጠና ልጅ 231 ሥዕል ያጠናል። በድምፅ የተደጋገሙትን ስናስወጣ ግን የሚቀሩት 27 ተነባቢዎችና 7 አናባቢዎች ናቸው፤ «ቡ»፣ «ሙ»፣ «ሱ» በአንድ በኩል፣ «ቡ»፣ «ቢ»፣ «ባ» በሌላ በኩል ምን እንደሚያገናኛቸው የገባው ልጅ ያላየውን ፊደል ሊገምት ይችላል። ሳድሱና ሳብዑ በቅርጽ ወጣ ገባ ስለሚሉ ግምቱ ሁልጊዜ አይሰምርም፤ ቢሆንም ሸክሙ በብዙ ይቀልላል። ደግሞም አማርኛ ቃላትን የሚያራባው ተነባቢዎቹን ጠብቆ አናባቢዎቹን እየለዋወጠ ነው። ቆጠረ፣ ቁጥር፤ ፈረደ፣ ፍርድ፤ ነገረ፣ ንግግር፤ መነሻው ፊደል ይለወጣል፣ መነሻው ተነባቢ ግን ባለበት ይጸናል። ተነባቢውን የሚሰማ ልጅ የቃላትን ዝምድና ይሰማል። ይህ ጥቅም ከውጭ የተቀዳ ምክንያት አያስፈልገውም፤ ከቋንቋው ከራሱ የተገኘ ነው።

መንገዱም ቢሆን ከእጃችን የራቀ አይደለም። «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ» ብሎ የሚያዜም ልጅ ተነባቢውን አጽንቶ አናባቢውን ሰባት ጊዜ ይለውጣል። «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ሲል ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ ሁለቱንም ይለውጣል። ተነባቢና አናባቢ ተለያይተው የሚቆሙ ነገሮች መሆናቸውን ያልተረዳ ሰው እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ አይሠራም፤ ትንተናው በገበታው ውስጥ አለ። የጎደለው ለልጁ መገለጡ ነው። ዜማው ሲደጋገም ዜማ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ «ጊ»ን ለማግኘት ከረድፉ መነሻ፣ አንዳንዴም ከ«ሀ» ጀምሮ በልቡ የሚወርድ ልጅ ያላየ መምህር የለም። ልጁ ከንፈሩ ወይም ምላሱ በረድፉ ሁሉ ያንኑ ሥራ እንደሚሠራ ማንም አልነገረውም።

ስለዚህ በልምምድ ክፍሎቻችን ስሞክረው የቆየሁት ይህን ነው። በመጀመሪያ ልጆቹ ቃልን በየፊደሉ ድምፅ ያጨበጭባሉ፤ የ«ቤት» መነሻ «ቤ» ነው ያለ ልጅ ትክክል ነው ይባላል። ቀጥሎ ከአንድ ረድፍ ሰባት ሥዕሎች ይቀርባሉ፦ በግ፣ ቡና፣ ቢላዋ፣ ባቄላ፣ ቤት፣ ብር፣ ቦርሳ። ሁሉም በተለያየ ፊደል ይጀምራሉ፤ ታዲያ ምን ያመሳስላቸዋል? ልጆቹ ለጥቂት ጊዜ ስለ ዋጋና ስለ ምግብ ያወራሉ፤ ከዚያ አንዱ አፉን መመልከት ይጀምራል። ከሰባቱ መካከል አንድ ኮፍያ ሲገባ እንግዳውን ያወጡታል። በኮፍያው ፈንታ «ሙዝ» ሲገባ ግን ይቸገራሉ፤ «ም»ም ከንፈር ያስገጥማልና። ይህ መሰናክል ለሦስተኛው ሳምንት መቀመጥ አለበት። ለቀማው «ቀ» ቀበቶ፣ ቁልፍ፣ ቂጣ፣ ቃሪያ፣ ቄጠማ፣ ቅል፣ ቆሎ አሉን፤ ለ«መ» መኪና፣ ሙዝ፣ ሚዛን፣ ማር፣ ሜዳ፣ ምጣድ፣ ለሳብዑም «ሞባይል» ከ«ሞረድ» ይልቅ በልጆች ዘንድ የታወቀ ነው። ሥዕል የራሱ ጣጣ አለው። ቡናን ያሳየንበትን ሥዕል ግማሹ ክፍል «ሲኒ» ብሎት ልምምዱ ተበላሽቷል፤ አሁን ፍሬውን ነው የምንሥለው።

ከየትኛው ድምፅ እንጀምር ለሚለው የእኔ ምርጫ ሊረዝሙ የሚችሉት ናቸው፦ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ም»፣ «ፍ»፣ «ዝ»። «ብ»ንና «ድ»ን ያለ አናባቢ ማሰማት ለመምህሩም አይቻልም፤ «ሽ»ን ግን እስከ ትንፋሽ ማለቂያ መሳብ ይቻላል። ዶሮ ሲያባርር «እሽ» ያለ ልጅ ይህን ድምፅ ከአናባቢ ውጭ ያውቀዋል፤ ከ«ሻይ»፣ ከ«ሹካ»ና ከ«ሽሮ» መነሻ ጋር ማገናኘቱ ነው የሚቀረው። እዚህ ግባ የማይባል የሚመስለው ይህ የድምፅ ምርጫ፣ በእኔ ልምድ፣ ልጆቹ ቶሎ እንዲረዱ ከማድረግ አኳያ ከማንኛውም የማስተማሪያ ቁሳቁስ ይበልጣል። ብራድሊና ብራያንት እ.ኤ.አ. በ1983 በኦክስፎርድ ያሳተሙት ጥናት ሥዕሎችን በድምፃቸው የመመደብ ልምምድ ለንባብ እንደሚረዳ፣ ይልቁንም ልምምዱ ከፊደል ጋር ሲጣመር የላቀ ውጤት እንደሚያስገኝ አሳይቷል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ለእኛ ይበልጥ የሚያስፈልገን ሁለተኛው ነው።

ምዘናውን በተመለከተ የምጠይቀው ለውጥ ትንሽ ነው። ልክና ስሕተት የሚሉት ሁለት ዓምዶች ሦስት ይሁኑ፦ መልስ ያልሰጠ ወይም ከቃሉ ጋር የማይገናኝ ድምፅ ያለ፣ መነሻውን ከነአናባቢው የለየ፣ ተነባቢውን ነጥሎ ያሳየ። በሳድስ የሚጀምሩ ቃላት ከሦስተኛው ዓምድ ስሌት ይውጡ፤ እነሱ ስለ ሦስተኛው የሚነግሩን ነገር የለምና። በ«አ»፣ በ«ሀ» እና በዲቃላ ፊደላት የሚጀምሩት ለጀማሪ ምዘና ባይገቡ ይመረጣል። በክፍል ውስጥ የተለማመዷቸው ቃላት በምዘናው አይደገሙ፤ «ብ!» ብሎ የተጨበጨበለት ልጅ ነጥሎ ሰምቶ ይሁን ሥዕሉን አይቶ ያስታወሰው መልስ ይሁን እስካሁን አላውቅም። እነዚህን ለማድረግ አዲስ በጀት አያሻም። መረጃቸው በእጃቸው ያለ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ቃል በቃል የተመዘገበውን ውጤት በመነሻ ፊደሉ ደረጃ ከፋፍለው ቢተነትኑት፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግምቴን ሊያጸኑት ወይም ሊያፈርሱት ይችላሉ። ቢያፈርሱትም ደስ ይለኛል።

ከዚያ ወዲያ ያለው የሰፋ ምርምር ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ በላቲን ፊደል አፋን ኦሮሞን የሚማሩና በግእዝ ፊደል አማርኛን የሚማሩ ልጆች ጎን ለጎን አሉ። በግል አጸደ ሕፃናት «ሀ ሁ»ንና «ኤ ፎር አፕል»ን በአንድ ጠዋት የሚያዜሙ ልጆችም አሉ፤ ሁለቱ ፊደላት በጆሯቸው ላይ ምን እንደሚያደርጉ የምናውቀው ጥቂት ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሳምንት መጨረሻ አማርኛ የሚማሩት የትውልደ ኢትዮጵያውያን ልጆች ደግሞ የላቲኑን ፊደል ቀድመው ስለሚያውቁ «ባ»ን ሁለት ድምፅ አድርገው የሚሰሙ ይሆኑ ይሆናል፤ እነዚህን ሦስት ቡድኖች በአንድ መመዘኛ ማነጻጸር ለአንድ የዶክትሬት ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው።

በዚያ ቀን ክፍሉ ሲበተን ልጅቷን በመምህርቷ ፈቃድ ለጥቂት ደቂቃ አነጋገርኳት። ሥዕል አልያዝኩም ነበርና በዙሪያችን ያለውን ተጠቀምኩ፦ ቦርሳዋን፣ ወንበሩን፣ ጫማዋን። ከሦስቱ «ቤት» ስትይ አፍሽ እንደሚያደርገው የሚያደርገው የቱ ነው አልኳት። ሁሉንም በየተራ በቀስታ አለቻቸው፤ «ቦርሳ» ላይ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ደገመችው። «ይሄ» አለች። ለምን ስላት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ይገጥማል» አለችኝ። በቅጹ ላይ ለዚህ መልስ የሚሆን ዓምድ አልነበረም።